ምርመራው ደህና ነው፣ ሕመሙ ግን አለ

የደም ምርመራው ደህና ነው፤ ራጁም ምንም አላሳየም። ሴትዮዋን ግን ከአንገቷ እስከ እግሯ ይቆረጥማታል፤ ሌሊቱን ተኝታ አድራ እንኳ ጠዋት ዝላ ነው የምትነሳው። ቤተሰብ መጀመሪያ «ብርድ መቶሽ ነው» ይላታል፤ ሲቆይ «አታስቢ፣ ጭንቀት ነው» ይላል፤ በመጨረሻ መጠየቁን ይተዋል። ፋይብሮማያልጂያ ያለባቸው ብዙዎች ይህን ያውቁታል።

ፋይብሮማያልጂያ በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ቢያንስ ለ3 ወራት የሚዘልቅ ሕመም ነው። ድካም፣ የማያሳርፍ እንቅልፍና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል አብረውት ይመጣሉ። ሴቶች ላይ ይበዛል። ችግሩ ያለው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሕመምን መልእክት በሚያስተናግዱበት መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የሰዎችን አውራ ጣት እየተጫነ የአንጎላቸውን ምስል አነሳ። ሌላውን ሰው ጠንከር ሲል ብቻ የሚያመው ጫና፣ ታማሚዎቹን ቀለል ሲልም አመማቸው፤ አንጎላቸውም ያንኑ መሰከረ። ሕመሙ የፈጠራ ወሬ አይደለም።

ታዲያ ሥነ ልቦና የት ይገባል? «ጭንቀት ሕመሙን ያባብሰዋል» ማለትና «ሕመሙን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሕመምን ከሚያስተናግዱ የአንጎል ክፍሎች አንዳንዶቹ ፍርሃትንና ሐዘንንም ያስተናግዳሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይነካል። እንቅልፍም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ተመራማሪዎች ጤነኛ ወጣቶችን ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሲደርሱ በድምፅ እየረበሹ አሳደሯቸው። ከጥቂት ሌሊት በኋላ ወጣቶቹ ሰውነታቸውን ያማቸውና ይደክማቸው ጀመር።

ኑሮን ይበልጥ የሚያጠበው ግን ሰው ስለ ሕመሙ የሚያስበው ነገር ይመስለኛል። «መቼም አይለቀኝም፣ መጨረሻዬ አልጋ ነው» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ሲመላለስ ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል። ባልተንቀሳቀሰ ቁጥር ጡንቻው ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ በትንሽ ሥራ ያማል። በዚህ መሀል ለቅሶ ቤት መሄድ ይቀራል፣ ቡና መጠራራት ይቀራል፣ ሥራም ይቀራል። የባሰውን ደግሞ ታማሚዋ ደህና የዋለችበት ቀን ያመጣዋል። የተጠራቀመውን ልብስ ሁሉ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ቤቱን ወልውላ ትውላለች፤ በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ያቅታታል። ሥራን ከፋፍሎ፣ ሳይብስ አረፍ እያሉ መሥራት የሚመከረው ለዚህ ነው።

የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ በጠንካራ ድምፅ የደገፈው አንድ ሕክምና ብቻ ነው፦ የአካል እንቅስቃሴ። ከትንሽ የእግር ጉዞ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። ሐሳብንና ልማድን ለመለወጥ የሚረዳው የንግግር ሕክምናም ይጠቅማል፤ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች አንዳንዶችን ያግዛሉ፣ ሁሉንም ግን አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስና የመገጣጠሚያ ብግነት ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው አስቀድሞ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ታማሚ ያላችሁ፣ «ምንም የለብሽም» አትበሏት። እመኗት፤ ከባዱን ሥራ ተካፈሏት፤ አመሻሽ ላይም አብራችኋት ትንሽ በእግር ሂዱ። ተስፋ መቁረጥ ከታየባት ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዷት።