የቋሚው እግር

እንጨት ደጅ ሲውል ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ሻጋታና ነፍሳት እየተቀባበሉ ይጎዱታል። በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ከተማ በሆነችው ማንቡክ ግን አንዱ ሌሎቹን ያስረሳል፤ ምስጥ። ጭቃ ቤት ያቆመ፣ አጥር ያጠረ፣ በረንዳ ያስወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ቤቱ ሲያልቅ ገንዘቡም ያልቃል፤ የተረፈችው ለአንድ ጣሳ ቫርኒሽ ትሆናለች። ቫርኒሹም ዓይን የሚያርፍበትን የእንጨቱን ወገብና አናት ይቀባል። እንጨቱ የሚሞተው ግን ከእግሩ ነው።

ሠራተኛው ምስጥ ዓይን የለውም፤ ቆዳውም ስስ ነው። ደረቅ አየር ላይ ቢወጣ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ አፈር ለአፈር ይሄዳል፤ ከአፈር በላይ መውጣት ግድ ሲሆንበት ደግሞ ከጭቃና ከምራቁ መሿለኪያ እየሠራ በውስጡ ይወጣል። በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ክፉኛ የሚታወቁት ማክሮተርመስ የሚባሉት ትልልቅ ኩይሳ ሠሪዎች ናቸው። የወሰዱትን እንጨት ኩይሳቸው ውስጥ የራሳቸውን ፈንገስ ያበቅሉበታል፤ ምግባቸው እሱ ነው። ዝናብ ሲጥል ከኩይሳ ሥር የሚወጣው የሚበላው እንጉዳይ የዚሁ እርሻ ፍሬ ነው። (እንጉዳዩን ሲያገኝ ምስጡን የሚያመሰግን ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።)

ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ቀለም የተቀባ የባህር ዛፍ ቋሚ ከአንድ ክረምት በኋላ ቀለሙ እንዳለ፣ ቅርጹም እንዳለ ሊቆም ይችላል። ከመሬቱ ገጽ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው በጣትዎ ያንኳኩት። ደህና ከሆነ ድምፁ ድፍን ነው፤ ከተበላ እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። በቢላ ጫፍ ገፋ ቢያደርጉት ከቀለሙ ሥር ስስ ቅርፊት ብቻ ቀርቶ ውስጡ አፈር ተሞልቶ ያገኙታል። ምስጥ ባይኖር እንኳ ይህቺው ቦታ ቀድማ ትበሰብሳለች፤ ሻጋታ ውኃም አየርም ይፈልጋል፣ ሁለቱ እንደ ልብ የሚገናኙት ደግሞ አፈሩ ገጽ አካባቢ ነው። ደረቅ ሆኖ የሚኖር እንጨት፣ ማለትም ከክብደቱ አንጻር እርጥበቱ ከ20 በመቶ የማያልፍ፣ አይበሰብስም።

ሰዉ የሚያውቃቸው መላዎች አሉ። አንዱ የቋሚውን እግር በእሳት መለብለብ ነው። ከሰሉ ራሱ አይበላም፤ ነገር ግን ሲለበለብ እንጨቱ ስለሚሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል፤ ብቻውን ብዙ አይታመንም። ሌላው ከጋራዥ የሚመጣው የተቃጠለ ዘይት ነው። ዋጋው ቀላል ስለሆነ በየቦታው ይሠራበታል፤ የአገራችን የእንጨት ተመራማሪዎችም ባኮንና ዝዋይን በመሳሰሉ ምስጥ በሚበዛባቸው ቦታዎች እንጨት እየቀበሩ ከእንጨት መከላከያ ኬሚካሎች ጋር አነጻጽረውታል። ይረዳል። ችግሩ አቀባቡ ነው። በብሩሽ ሲቀባ ከላይ ከላዩ ብቻ ይቀራል፤ አንድ ስንጥቅ ሁሉን ያፈርሳል። የተሻለው፣ ቅርፊቱ ተልጦ ጥላ ሥር በደንብ የደረቀውን ቋሚ እግሩን በርሜል ውስጥ ዘይቱ ላይ ማቆምና ማሞቅ፣ ከዚያ እዚያው እያለ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው። ሲሞቅ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ባዶው ቦታ ዘይቱን ይስባል። እርጥብ እንጨት ግን ቢቀቅሉትም አይጠጣም።

የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የተረፈ ብረታ ብረትና ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር አለበት። ከጉድጓድ ውኃ፣ ከጎመን መደብና ሕፃናት ከሚደገፉበት በረንዳ ይራቅ። በበጋ ሣሩ በሚቃጠልበት አገር ደግሞ ዘይት የጠጣ አጥር እሳት እንደሚጠራ መርሳት አይገባም፤ ዙሪያውን ሣሩን መላጨት ግድ ነው።

በፋብሪካ ደረጃ መከላከያውን ወደ እንጨቱ ውስጥ የሚያስገባው ግፊት ነው። ጆን ቤቴል የተባለ እንግሊዛዊ በ1838 እ.ኤ.አ. ክሪዮሶት የሚባለውን የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ዘይት በታሸገ በርሜል በግፊት እንጨት ውስጥ የማስገባትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ጥቁር ሆነው የሚሸቱት የመብራት ምሰሶዎች የዚህ ልጆች ናቸው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ሶንቲ ካመሳን የመዳብ፣ የክሮሚየምና የአርሴኒክ ውሁድን ሠራ፤ እንጨቱን አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው። አርሴኒክ መርዝ በመሆኑ አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ሥራ እንጨት በእሱ ማከም ቆሟል። ያረጀ የመብራት ምሰሶ ፈልጦ እንጀራ የሚጋግር ሰው ካለ ዛሬውኑ ይተው፤ ጭሱም አመዱም አደጋ ነው።

የማንቡክ አካባቢ እንጨት ግን ከሁሉ በፊት ሽመል ነው፤ የቆላው ቀርከሃ። እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዚህ ተክል የታወቀ ክልል ነው፤ ግድግዳው፣ አጥሩ፣ ጎተራው፣ የጣሪያው ማገር ከእሱ ይሠራል። ሽመልን ከምስጥ ሌላ ነቀዝ ይፈልገዋል፤ የሚስበው በውስጡ ያለው ስታርች ነው። ከሥሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ካዩ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ያለፈውን በበጋ መቁረጥ፣ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ማድረቅ ያዋጣል። ምድጃ ያለበት ቤት ጣሪያ ጥላሸት ለብሶ ዕድሜው የሚረዝመውም ጭሱ ነፍሳቱን ስለሚያርቅ ነው። ቆርቆሮ ሲመጣ ማዕድ ቤቱ ተለየ፣ ጭሱም ሄደ፤ ነቀዙ ገባ። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ለቤት ውስጥ ሽመል ጥሩ ምትክ ነው፤ ደጅ ግን ዝናብ ያጥበዋል።

ቀለሙ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ጥርት ያለ ቫርኒሽ የማንቡክን ፀሐይ አያግድም፤ ጨረሩ አልፎ የእንጨቱን ገጽ ስለሚያደቅቀው ቫርኒሹ እየተላጠ ይነሳል፣ ሲታደስም ተፍቆ እንደገና ነው። ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ ቡናማ ቀለም ያለው ዘይታማ ቅብ ይሻላል፤ ፀሐዩን የሚመልሰው ቀለሙ ነው፣ ሲያረጅም በላዩ መድገም ይቻላል። የተልባ ዘይት በአኳራጅ ቀጥኖ ቢቀባ ውኃን ለጊዜው ይገፋል፣ ብቻውን ግን ሻጋታም ምስጥም አያግድም። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ይነዳል። የተቆረጠው ጫፍ ውኃ የሚጠጣ አፍ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገምበት። ሥራው ዝናቡ ካባራ ከኅዳር በኋላ፣ ጠዋት፣ ደረቅ እንጨት ላይ ይሁን።

አቅም ካለ ግን ቋሚውን ጭራሽ አይቅበሩት። መሬቱ ላይ ስሚንቶ ከፍ አድርገው፣ ውኃ እንዲንሸራተት አናቱን አዘንብለው፣ በብረት መያዣ ያቁሙት። ምስጡ ቢመጣም በስሚንቶው ላይ የጭቃ መሿለኪያ ሠርቶ በግልጽ መውጣት አለበት። ግንቦት ሳይገባ የየቋሚዎን እግር ዞር ብለው ይመልከቱ፤ መሿለኪያውን ካገኙ በመጥረጊያ ይፍቁት።