ለትንሹም ባለ አክሲዮን ወሬ ይድረሰው





እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስሆን፣ ከደመወዜ እየቆጠብሁ ከአንድ ማኅበር ጥቂት አክሲዮኖች ገዝቻለሁ። አክሲዮኑ ሲሸጥ ወኪሎቹ እስከ መሥሪያ ቤታችን ድረስ ይመጡ ነበር። ከተሸጠ በኋላ ግን የሚያናግረን ጠፋ። የጉባዔው ጥሪ አንድ ቀን በጋዜጣ ወጥቶ ያልፋል፤ በክፍለ ሀገር ያለው ባልደረባዬ የሚሰማው ጉባዔው ከተበተነ በኋላ ነው። የሒሳቡ መግለጫ የሚታደለው በዚያው ጧት በአዳራሹ በር ላይ ስለ ሆነ፣ ሁለተኛውን ገጽ ሳንገልጥ እጅ አውጡ እንባላለን። ትርፉ ለምን እንዳነሰ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ባለ አክሲዮን ከጉባዔው አስቀድሞ ሒሳቡን የመመልከት መብቱ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግም፣ የማኅበራቱን ክፍል በተካው በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243ም የታወቀ ነው። ድምፅ በአክሲዮን ብዛት ይቆጠራልና ትልቆቹን መርታት አይቻለንም፤ ነገር ግን ስንደግፍም ሆነ ስንቃወም አውቀን መሆን ይገባዋል።

አስተዳዳሪዎቹ የንግድ ምስጢር ይወጣል ይሉ ይሆናል። እኛ የምንለምነው ምስጢር አይደለም። የሒሳቡ ፍሬ ነገር በሁለት ገጽ ግልጽ አማርኛ ተጽፎ ከጉባዔው 15 ቀን በፊት ይድረሰን፤ ለጥያቄያችን መልስ የሚሰጥ አንድ ሹም ይመደብልን።

በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል። ነገ አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ የሚያስብ ማኅበር፣ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው እኛን የዛሬዎቹን ባለ አክሲዮኖች መሆኑን አይርሳ።

አንድ ባለ አክሲዮን
ከአዲስ አበባ