የአንዱ ሰው ንጽሕና ለሌላው ሰው ጤንነት



የዛሬው ንግግራችን ስለ ግል ንጽሕና ነው። ብዙ ሰዎች ንጽሕናን የየራሳቸው ጉዳይ ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። «ገላዬን ብታጠብ ባልታጠብ፥ ልብሴ ቢጸዳ ባይጸዳ ሌላውን ሰው ምን ቸገረው?» የሚልም አይታጣም። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። አንድ ሰው በገላው፥ በልብሱና በእጁ ይዞት የሚዞረው ነገር አብሮት በአንድ ቤት ለሚያድር፥ በአንድ አውቶቡስ ለሚሳፈርና በአንድ ገበታ ለሚቀርብ ሁሉ ይተርፋል።

ምሳሌውን ከአምባ ጊዮርጊስ እንጀምር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የወገራ ከተማ በከፍተኛ ደጋ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች ብርዷ ብርቱ ነው። በእንደዚህ ያለው አገር፥ ይልቁንም በክረምት፥ ሰው ልብስ ደራርቦ ይለብሳል፤ ቀን የለበሰውን ጋቢ ሌሊትም ይከናነበዋል፤ ቤተ ሰብም ሙቀት ፍለጋ ተጠጋግቶ ይተኛል። ልብስ አጥቦ ለማድረቅ የሚበቃ ፀሐይም አይገኝም። ይህ ሁሉ ለቅማል የተመቸ ኑሮ ነው።

የልብስ ቅማል ቅጫሙን የሚጥለው በገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የሚሻገረው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ገላውን ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ የሚለብስ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ቅማልም ከማሳከኩ ሌላ ተስቦንና አገርሺ ትኩሳትን ያስተላልፋል። አገርሺ ትኩሳት፥ ስሙ እንደሚያመለክተው፥ ለጥቂት ቀኖች በርትቶ ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ የሚነሣ በሽታ ነው፤ ሕክምና ካላገኘም ይገድላል። ቅማል በትኩሳት የጋለ ገላ ስለማይስማማው በሽተኛውን ትቶ ሙቀቱ መጠነኛ ወደ ሆነ ሌላ ሰው ይሄዳል። ይህስ ሌላ ሰው ማን ነው? አጠገቡ የተኛው ወንድሙ ወይም የምታስታምመው እናቱ ናት። እንዲህ ያለውን ቅማል በጥፍር መጨፍለቅም አደገኛ ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ በኩል በሽታውን ያስገባልና። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ ተጨናንቀው በየሰፈሩ በተከማቹት ወታደሮች መካከል ይኸው በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር።

ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን ያስረዳው ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በቱኒስ ሆስፒታል የተስቦ በሽተኞችን የሚቀበሉና ልብሳቸውን የሚያጥቡ ሰዎች በበሽታው ሲያዙ፥ በሽተኛው ታጥቦ የሆስፒታል ልብስ ከለበሰ በኋላ ግን አጠገቡ የተኙት እንደማይያዙ አስተዋለ። እንግዲህ በሽታው ከደጃፉ ላይ የቀረው ከአሮጌው ልብስ ጋራ ነበር። እርሱም ይህንን በ1909 እ.ኤ.አ. በምርመራ አረጋገጠ፤ በ1928 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ሁለተኛው ምሳሌ የዐይን ነገር ነው። የአማራ ክልል ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የዚህ በሽታ ዘር ከታመመው ሕፃን ዐይን ወደ ጤነኛው የሚሻገረው በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ነው። እናት በነጠላዋ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዐይን ጠርጋ በዚያው ጫፍ የሌላውን ብትጠርግ፥ ፍቅሯ ሳይጐድል በሽታውን ታስተላልፋለች። በሽታው ከዓመት ወደ ዓመት ሲመላለስ የዐይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። የዚህ ሁሉ መከላከያ ከመድኃኒቱ ጋራ የሕፃናትን ፊት በየቀኑ ማጠብና መጸዳጃ ቤት መሥራት ነው።

ሦስተኛው የእጅ ንጽሕና ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ከአንድ ገበታ የምንበላ፥ ለወዳጃችንም በገዛ እጃችን የምናጐርስ ሕዝብ ነን። አባቶቻችን ከምግብ በፊት እንግዳን ማስታጠብን ደንብ ያደረጉት መልካም አድርገው ነው። ነገር ግን ሁለት ጣት አርጥቦ መተው መታጠብ አይባልም። ከመጸዳጃ ቤት የወጣ ያልታጠበ እጅ ተቅማጥንና የወስፋት ዕንቍላልን ይዞ ይመጣልና፥ ባልጸዳ እጅ የተሰጠ ጉርሻ ፍቅር መስሎ በሽታን ያጐርሳል።

ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት፥ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋራ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችንም ማሠልጠን የጀመረው፥ በሽተኛን ማከም ብቻውን እንደማይበቃ በመታወቁ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቅማል የገባበትን ልብስ በፈላ ውሃ መቀቀል፥ ስፌቱንም በጋለ ካውያ መተኰስ ይገባል። እከክ የያዘው ሰው በቤት ውስጥ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ የሚታይባቸው ሰዎች ስላሉ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ፎጣና ማበጠሪያን መዋዋስም ይቅር። እጅንም በሳሙና፥ ሳሙና ቢታጣ በአመድ፥ ከጣት እስከ አንጓ አሽቶ መታጠብ ነው።

በመጨረሻም ለመንግሥት ሠራተኛ የምናሳስበው ነገር አለ። ውሃ በእንስራ ከሩቅ የሚቀዳበት ባላገር አቧራ ለብሶ ወደ ቢሮአችን ቢመጣ፥ ፊታችንን ልናጠቁርበት አይገባም፤ የጐደለው ውሃና ሳሙና እንጂ ክብር አይደለምና። ቧንቧ በቤቱ፥ ደመወዝ በኪሱ ያለው ሰው ግን ምክንያት የለውም። ጠረኑ ባልደረቦቹን የሚያስቸግር ሰው ቢኖርም በጉባኤ መካከል አያሳፍሩትም፤ ከሐሜትም ይልቅ የሚወደው አንድ ሰው ለብቻው ወስዶ በለዘበ ቃል ቢነግረው ይሻላል። ሰው የራሱን ጠረን ስለሚለምደው ያልነገሩትን አያውቅምና።

ሰው የሚታጠበው ለራሱ ደስታ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለሚቀመጠውም ጤንነት መሆኑን ከተረዳን፥ ንጽሕና ባልንጀራን ማክበር ይሆናል።