ከጉሮሮ እስከ ልብ፦ ሰውነት ራሱን ለምን ያጠቃል?

ሐራና መርሳ አካባቢ ልጅ ጉሮሮውን አሞት ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል፤ በሌላውም የአማራ ክልል እንዲሁ ነው። ቆራጭ ይጠራል። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ሲበርድ ምስጋናውን ቆራጩ ይወስዳል። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ጣጣው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይመጣል፦ ጉልበቱ ያብጣል፣ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ጉሮሮውን ያሳመመው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ፣ የባክቴሪያው አንድ ፕሮቲን ከልባችን ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያውን ሊገድል የተሰናዳው መከላከያ የልብን ቫልቭም ጠላት ብሎ ይመታዋል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። መከላከያው ራሱን ከሚያጠቃባቸው ሕመሞች መካከል መነሻቸው እንዲህ በግልጽ የታወቀው በጣም ጥቂት ናቸው።

የሌሎቹ ምክንያት ብዙ አከራክሯል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ሰውነት ራሱን ከማጥቃት ይጠበቃል ብሎ ስለጻፈ፣ ለአሥርት ዓመታት ነገሩ «የማይሆን» ተደርጎ ተቆጠረ። በ1956 እ.ኤ.አ. ኖኤል ሮዝና ኤርነስት ዊተብስኪ ጥንቸሎች የገዛ እንቅርት ዕጢያቸውን ሲያጠቁ አሳዩ። እንደሚሆን ታወቀ፤ ለምን በሁላችንም ላይ እንደማይሆን ግን አልታወቀም።

እዚህ ላይ ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ሺሞን ሳካጉቺ ይመጣሉ። በተወለዱ በ3ኛው ቀን ታይመስ የተባለው ዕጢያቸው የወጣ አይጦች የመከላከያ አቅማቸው ይደክማል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጭራሽ የገዛ አካላቸውን ማጥቃት ጀመሩ። ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ፣ ቲ ሴል የተባለ የመከላከያ ሴል ሲሰጣቸው ግን ዳኑ። ስለዚህ ከቲ ሴሎች መካከል ሌሎቹን «ተዉ» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ ማለት ነው። ሳካጉቺ በ1995 እ.ኤ.አ. ለይተው አሳዩአቸው። በ2001 ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ፎክስፒ3 የተባለውን ዘረ መል አገኙ፤ ሳካጉቺም ዘረ መሉ እነዚህን ሴሎች እንደሚገዛ አረጋገጡ። ሦስቱ የ2025ን የሕክምና ኖቤል ተጋሩ። በእኔ ግምት ከዘርፉ ግኝቶች ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው፤ ጥያቄውን «ማን አጠቃ?» ከሚለው ወደ «ማን ሳይገላግል ቀረ?» አዞረው።

ሰውነት ራሱን እንዲያጠቃ ግን ዘር ብቻውን አይበቃም። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ፣ እዚያ ከኖሩ በኋላ ሰውነት ራሱን በማጥቃቱ የሚመጣው ዓይነት 1 ስኳር ሕመም ጨምሮ ታይቷል፤ ዘራቸው ያው ነው፣ ኑሯቸው ግን ተለውጧል። በሌላ በኩል ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሁሉ የዚህ ሕመም ሰለባ አይደለም። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የገጠሩ ስኳር ሕመም ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት የሚመጣውን «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው በ2025 ነው።

ለምጥም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ መከላከያው የቆዳን ቀለም ሠሪ ሴሎች ሲያጠፋ ይመጣል። ከሥጋ ደዌ ጋር አይገናኝም፣ አይጋባም፤ አብሮ ከመብላት የሚያስከለክል ነገር የለውም።

ወደ ልጁ እንመለስ። ጉሮሮው ሲያመው ምላጭ ሳይነካው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልቡ ከተነካ ግን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔንሲሊን ለዓመታት ይቀጥላልና፣ ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም ገበያው ይቅር።