ስድስት ጀሪካን የምትጠጣው ማሽን

ልብስ ማጠቢያ ማሽኗ መንዝ፣ መሐል ሜዳ የገባችው በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው፤ ጣርማበርን በጉም፣ መዘዞንና ሞላሌን በጭቃ አልፋ፣ አይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭና። ለማውረድ አራት ጎረምሳ አስፈለገ። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና «ይህን ያህል የከበደ ነገር ምን ሊያጥብ ነው? በቅሎ ነው?» አለች።

የላከልኝ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ነው። እዚያ አሥራ ስድስት ዓመት አገልግላዋለች። ከላይ የምትከፈት፣ በርሜሏ የማይዝግ ብረት የሆነ፣ መሃሏ ላይ ልብሱን ወዲያና ወዲህ የሚያላጋ ምሰሶ የቆመባት፣ በእጅ በሚዞር ቁልፍ የምትታዘዝ ናት። ማርኳን አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። እኔ ስምንት ክፍል ያላት አልጋ ቤት አለችኝ። እንግዶቼ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ ጓሳ ውሎ የመጣ ሰው ደግሞ ከነጭቃው ነው አልጋ ላይ ዘፍ የሚለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የእኛ አገር የጠዋት ውሃ ጣት ይቆርጣል። አንሶላ የምታጥብልኝ ልጅ እጇ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን ስትቀባ አይቼ ነው ለወንድሜ የደወልኩለት።

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ኤሌክትሪክ ተምሯል። ጀርባዋን በካቻቢቴ ከፈተና ጎንበስ ብሎ አያት። ዲናሞው፣ ቺንጋው፣ ውሃ የሚተፋው ፓምፕ፣ ሰዓቷ፣ ሁሉም እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «አክስቴ፣ ይቺ'ኮ ምንም አልደበቀችም» አለኝ። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ሰማሁት። ዛሬ ስለ እሷ ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ምስጋና እሱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ያስቸገረን መብራቱ ነው። የእኛ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ሆኖ 60 ጊዜ። ከገበያ 500 ዋት የሚል ማውረጃ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ሞተሯ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ነው፣ ያም 370 ዋት ገደማ ስለሆነ ይበቃል ብዬ አስልቼ። ልጁን ሳልጠብቅ ሰካሁት። ማሽኗ አንዴ አቃሰተች፣ ትራንስፎርመሩ ጨሰ፣ ቤቱ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተ። የተጫነ አህያ ሲሄድ ቀላል ነው፣ ከተኛበት ሲነሳ ነው መከራው። ሞተርም እንደዚያ ነው፤ ሲነሳ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይስባል። ሁለተኛውን 3,000 ዋት ገዛን።

ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይነካም። በ60 እንዲዞር የተሠራ ሞተር በ50 ሲዞር ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። ሰዓቷም በዚያው ምልልስ ስለምትቆጥር ትዘገያለች፤ 30 ደቂቃ የምትለው ሥራ 36 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ግድ የለም፣ ማን ያጣድፈኛል? ክፉው ነገር ሙቀቱ ነው። ቮልቱ ሳይቀንስ ምልልሱ ሲቀንስ ሞተሩ ተጨማሪ ኮረንቲ ስቦ ይግላል። ልጁ ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ፦ 120ን ለ60 ብታካፍይው ሁለት ነው፤ በ50 ምልልስ ያንኑ ሁለት ለማግኘት 100 ቮልት ያስፈልግሻል። ስለዚህ 3,000 ዋቱን ስንገዛ 100 ቮልት የሚል መውጫ ያለውን ፈልገን ነበር የገዛነው። በዚያ ላይ የሞተር አምራቾች የጉልበቱን ልክ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አገር ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት አያነሳም። ቅዝቃዜው ይክሰናል ብለን ብንጽናናም፣ ሁለት ዙር ካጠበች ግማሽ ሰዓት አሳርፋታለሁ።

ልጁ ወጣት ነውና እዚህ ላይ ሊያቆም አልፈለገም። ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ሄዶ የሞተሩን ፑሌጃ በአንድ አምስተኛ አሰፍቶ ሊያስቆርጥ፣ የጠፋውን ፍጥነት ሊመልስ ተነሳ። ከለከልኩት። ፑሌጃው ሲሰፋ ሸክሙ የሚያርፈው እዚያው በጋለው ሞተር ላይ ነው። ፍጥነቷ ቢቀንስ የሚመጣው ጉዳት አንሶላው ትንሽ ረጠብ ብሎ መውጣቱ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የመንዝ ንፋስ በነፃ ያደርቅልኛል። ከማሻሻል ሁሉ የሚከብደው የት ላይ ማቆም እንዳለብህ ማወቁ ነው። ይልቅ ከውጭ በኩል የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበረልኝና ኧርዙን ከብረት ገላዋ ጋር አገናኘው። እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የብረት ማሽን ለሚነካ ሰው ይህ ከፑሌጃው ይቀድማል።

መብራቱን ስንጨርስ ውሃው መጣ፤ መጣ ማለቴ አልመጣም። ቧንቧችን በሳምንት ጥቂት ቀን ነው የሚንጠባጠበው፤ ሮቶ ጣራ ላይ ሰቅያለሁ። የማሽኗ ውሃ ማስገቢያ በመብራት የሚከፈት ቁልፍ ነው፤ ያ ቁልፍ የተሠራው ከከተማ ቧንቧ ለሚመጣ ግፊት ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ ባር ይሰጣል፤ የእኔ ሮቶ ሦስት ሜትር ላይ ስለሆነ አንድ ሦስተኛዋን እንኳ በቅጡ አይደርስም። ውሃው እንደ ቡና ማንቆርቆሪያ ቀጭን ሆኖ ወረደ። ይባስ ብሎ ቁልፉ ሲዘጋም ግፊት ስለሚፈልግ በደንብ አልዘጋ ብሎ ያለቅስ ነበር።

መላው የተገኘው ጀርባዋን በድጋሚ ስንከፍት ነው። ከበርሜሉ ሥር አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ላይ ትወጣለች። ውሃው ከፍ ሲል በቱቦዋ ውስጥ የታፈነው አየር ይጨመቃል፤ የተጨመቀው አየር ስስ ሽፋን ይገፋል፤ ሽፋኑ ቀጭ ሲል ሞተሩ ይነሳል። ይኸው ነው! ማሽኗ ውሃው መሙላቱን እንጂ በየት እንደገባ አታውቅም። ማስገቢያውን ዘጋንና ክዳኗን ከፍተን በጀሪካን ሞላናት። ሦስተኛው ጀሪካን ላይ ቀጭ አለችና ማላጋት ጀመረች። እናቴ ሳይቀር እልል አለች።

ለማጠብ ሦስት፣ ለማለቅለቅ ሦስት፣ ባለ 25 ሊትሩ ጀሪካን። 150 ሊትር ማለት ነው፤ የጥንቶቹ ባለ ምሰሶ ማሽኖች ልካቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ማሽን ጉልበት ይቆጥባል ሲሏችሁ የማን ጉልበት እንደሆነ ጠይቁ። አንሶላ የምታጥብልኝ ልጅ እጇ ከመሰንጠቅ ዳነ፤ ወገቧን ግን ምንጭና ቤት እያመላለስኩ ልቀጣው ነበር። ያዳነኝ ሌላ በርሚል ነው። የመተፊያውን ጎማ ወደ በርሚል አዞርነው፤ የማለቅለቂያው ውሃ ይጠራቀምና ለሚቀጥለው ዙር ማጠቢያ ይሆናል። መጀመሪያ ነጭ አንሶላ፣ ቀጥሎ ባለ ቀለሙ፣ መጨረሻ ላይ የወለል ጨርቁ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሳሙናውን ውሃ አስቀምጠው መልሰው የሚስቡ ማሽኖች ይሸጡ ነበር። እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ በ1910ዎቹ፣ ሜይታግ የተባለ የአይዋ ፋብሪካ መብራት ላልደረሳቸው ገበሬዎች በቤንዚን ሞተር የምትሠራ ማጠቢያ ሠርቶ ነበር። የገጠር ሰው ችግር የትም አንድ ነው።

አክስቴ ግን በሳሙና የታጠበ ጋቢ አይዋጥላትም። ከቆላ የመጣ እንዶድ አስወቅጣ፣ ሳልሰማ ማሽኗ ውስጥ ጨመረች። አረፋው በክዳኗ ሥር ወጥቶ ወለሉን ሸፈነው፤ ፓምፕ ውሃ እንጂ አረፋ መግፋት ስለማይችል ማሽኗ ሞልታ ቆመች። እንዶድን ግን አልንቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ ቢልሃርዚያን በሚያሸጋግረው ቀንድ አውጣ ላይ መድኃኒት እንደሚሆን የደረሱበት። ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶድ ግን ዓሣም ይገድላል። ከዚያ ወዲህ የእንዶድ ውሃ በእጅ፣ በገበታ ብቻ ነው፤ እጣቢውም ባሕር ዛፍ ሥር እንጂ ወደ ምንጩ አይሄድም።

ባናውን የቀጣሁት ግን ራሴ ነኝ። የመንዝ በግ ፀጉር ባና፣ የአባቴ ማስታወሻ ነበር። የበግ ፀጉር ላዩ ላይ ጥቃቅን ቅርፊት አለው፤ ሲረጥብና ሲላጋ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይጠላለፍና ወደ ኋላ አይመለስም። ባለ ሁለት ሰው የነበረው ባና የኮርቻ ምንጣፍ አክሎ ወጣ። አሁን እናቴ ትቀመጥበታለች።

ውርጩም አልማረንም። አንድ የታኅሣሥ ሌሊት ፓምፑ ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ የፕላስቲክ ገላውን ሰነጠቀው። ውሃ ሲረጋ እንደሚያብጥ ማን አስታወሰ? ልጁ ሌላ ፓምፕ ከአዲስ አበባ፣ ከምናለሽ ተራ ፈልጎ አመጣ፤ ልኩ አንድ ስላልነበረ ማሰሪያ ሠራለት። ያ ፓምፕ እስከ ዛሬ ይሠራል። ማታ ማታ ጎማውን መሬት አውርጄ የቀረውን ውሃ አፈሳለሁ።

ዓለም ከተማ ያለችው እህቴ እዚሁ አገር የተገዛች ባለ ሁለት ጉድጓድ አላት፤ በአንዱ ይታጠባል፣ በሌላው ይጨመቃል፣ ውሃ በባልዲ ይገባል፣ 220 ቮልት ነው፣ ውርጭም የለባትም። እውነቱን ልናገርና፣ አዲስ ለሚገዛ ሰው የምመክረው የእሷን ነው፤ ግማሹ ጣጣዬ አይነካትም። በሚነካ መስታወት የምትታዘዘውን ግን ተዉ። አንድ ጎረቤቴ ገዝቶ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰሌዳዋ ተቃጠለ፤ የሚከፍታትም የሚጠግናትም አጥቶ ዛሬ ገብስ ማስቀመጫ አድርጓታል።

አሜሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲህ ያለች አሮጌ ማሽን ለእናታችሁ ስትልኩ ባዶዋን አትላኩ። በርሜሏ ውስጥ ሁለት ቺንጋ፣ አንድ ፓምፕና ባለ 100 ቮልት መውጫ ትልቅ ትራንስፎርመር አስቀምጡ። ቦታው ይበቃል፣ ለክቼዋለሁ።