አደራና ካርታ፦ ስለ ቤት ግዢና ሽያጭ በሱወይዲ የሚታመነውና ሕጉ የሚለው

በሪያድ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በሱወይዲ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ቤት ሲነጋገሩ የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ ሁለት ቤት ነው፤ አንዱ ተከራይተው የሚያድሩበት ሲሆን ሌላው በአዲስ አበባ፣ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ሊገዙት ወይም ሊሸጡት ያሰቡት ነው። የሪያድ ሙቀት በሚበርድበትና በሀገር ቤት ክረምቱ በሚወጣበት በመስከረምና በጥቅምት፣ ለእረፍት የሚሄደው መልእክት ተቀብሎ፣ ከእረፍት የሚመለሰውም የሰፈሩን ዋጋ ሰምቶ ስለሚመጣ፣ ነገሩ ይበልጥ ይነሳል። በዚህ መካከል የሚታየው መተጋገዝ የታይታ አይደለም፤ እቁብ፣ ማለትም አባላቱ በየጊዜው እኩል ገንዘብ እያዋጡ በዕጣ ወይም በስምምነት በተራ የሚወስዱበት ማኅበር፣ የባንክ ብድር ለማይደርሰው ሠራተኛ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ይሆናል፤ ተራው የደረሰውም ሰው ቀብድ ለጎደለበት ወዳጁ ዕጣውን ይለቃል። ይሁን እንጂ ከዚሁ መተማመን ጋር ተጣብቀው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ አንዳንድ አባባሎች ከሕጉ ጋር ስለማይገጥሙ፣ የዓመታት ድካም የፈሰሰበትን ገንዘብ ለክርክር ይዳርጋሉ።

የመጀመሪያው አባባል ስለ ሳዑዲ ዓረቢያ ራሷ ሲሆን፣ «የውጭ ሰው እዚህ አገር ቤት መግዛት ፈጽሞ አይችልም» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) ያለው የውጭ ዜጋ አስፈላጊውን ፈቃድ አግኝቶ ለራሱ መኖሪያ የሚሆን ቤት እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ታውጆ በጥር 2026 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ደግሞ፣ ለመካና ለመዲና የተለየ ገደብ አስቀምጦ፣ መንግሥት በሚከልላቸው አካባቢዎች ይህንን መብት አስፍቶታል። እርግጥ ነው፣ በሪያድ የቤት ዋጋ ሲታይ ይህ መብት ለቀን ሠራተኛውና ለቤት ሠራተኛዋ ከወረቀት የሚያልፍ አይደለም። ለተከራዩ የበለጠ የሚጠቅመው፣ ብዙዎችም ያልሰሙት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2025 የወጣው ደንብ ነው፤ በዚህ ደንብ መሠረት በሪያድ ከተማ ክልል ውስጥ የመኖሪያና የንግድ ቤት ኪራይ ለአምስት ዓመት እንዳይጨምር ታግዷል። ስለዚህ «አከራይ በየዓመቱ የፈለገውን ይጨምራል» የሚለው አባባል ጊዜው አልፎበታል። ተከራዩ ውሉን ለማደስ ከፈለገ አከራዩ እምቢ ሊል የሚችለው ኪራይ ሳይከፈል ሲቀር፣ ሕንፃው ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝበት፣ ወይም ቤቱን ለራሱ ወይም ለቅርብ ዘመዱ መኖሪያ ሲፈልገው ነው። ነገር ግን ጥበቃው የሚይዘው ውሉ ኢጃር በተባለው የመንግሥት የኪራይ ውል መመዝገቢያ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ በመሆኑ፣ ከዋናው ተከራይ አንድ ክፍል በቃል ተከራይቶ የሚኖር ሰው በአብዛኛው ከዚህ ጥላ ውጭ ይቀራል።

በሀገር ቤት ስለሚገዛው ቤት ከሚነገሩት ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው «ቤቱ በወንድሜ ስም ቢሆን ምን አለበት፣ ገንዘቡ እንደሆነ የኔ ነው» የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 እንደሚደነግገው፣ ካርታ፣ ማለትም የሚመለከተው የመንግሥት አካል የሚሰጠው የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ በስሙ የተሰጠው ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ግምቱ በማስረጃ ሊፈርስ ቢችልም፣ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው ካርታው በስሙ ባልሆነው፣ ማለትም ሪያድ ባለው ወገን ላይ ነው፤ የሐዋላ ደረሰኝም ገንዘብ መላኩን እንጂ ገንዘቡ ለምን እንደተላከ ብቻውን አያስረዳም፣ ምክንያቱም ያው ሰው በዚያው እጅ ለእናቱ ቀለብና ለእህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲልክ ኖሯል። ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው ጋብቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ በቁጥር 63፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል ስለሚል፣ ወንድሙ ታማኝ ሆኖ ቢኖር እንኳ በፍቺ ጊዜ ሚስቱ፣ በሞት ጊዜም ልጆቹ፣ ሕግ የሰጣቸውን መብት ይጠይቃሉ። እነዚህ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቤቱ የአጎታቸው ወይም የአክስታቸው ስለመሆኑ የሚያሳይ አንዲት የተጻፈች መስመር ስለሌለች ነው። በራስ ስም ለመግዛት ደግሞ አዲስ አበባ መገኘት ግዴታ አይደለም፤ ገዢው ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ ቤቱ በወካዩ፣ ማለትም በራሱ፣ ስም እንዲገዛና ካርታውም በወካዩ ስም እንዲወጣ ማድረግ ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለዚህ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አያስፈልገውም፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ይህንን መታወቂያ ያስገኘው የሌላ አገር ዜግነት ለወሰዱት ነው።

ውክልና ራሱ በሁለት አቅጣጫ በስሕተት ይታያል። በአንድ በኩል «ሙሉ ውክልና ከሰጠሁ ወኪሌ ሁሉን ያደርጋል» ይባላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በቁጥር 2203 እና በተከታዮቹ፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። የማስተዳደር ውክልና ብቻ የያዘ ሻጭ የሚያቀርበውን ቤት የሚገዛ ሰው እንግዲህ በባዶ ይፈራረማል። በሌላ በኩል የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ ከተሰጠ በኋላ ወካዩ «በስልክ ሽሬዋለሁ» ብሎ ይረጋጋል፤ መሻሩን ያልሰማና በቅን ልቦና የተዋዋለ ገዢ ላይ ግን ይህ የስልክ ቃል ብዙም አይሠራም። በሪያድ ኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ አዲስ አበባ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» በሚለው፣ እንደሚቀርብ ሁሉ፣ መሻሪያውም በጽሑፍ እዚያው መድረስ ይኖርበታል። ሻጩ በውክልናው ላይ ዝቅተኛውን የመሸጫ ዋጋና ገንዘቡ የሚገባበትን የራሱን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቢያስጽፍ ወኪሉን መጠርጠር አይደለም፤ ጨዋ ወኪል ራሱም ከሐሜት የሚድነው በዚህ ነው።

ስለ ቀብድ፣ ማለትም ለውሉ ማጽኛ በቅድሚያ ስለሚሰጠው ገንዘብ፣ «ከተከፈለ ቤቱ ተገዛ» የሚለው እምነትም አይጸናም። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር፣ በሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ትቶ፣ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ ውሉን ሊያፈርሱ ይችላሉ፤ ዋጋ በሚንርበት ወቅት እጥፍ መልሶ ለሌላ መሸጥ ለሻጩ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ደላላው የሚመክረው «በውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሶ መጻፍ» ደግሞ ከሕገ ወጥነቱ ሌላ ገዢውን ራሱን ይጎዳል፤ መንግሥት ለቀረጥና ለግብር የራሱን ግምት ስለሚጠቀም የታሰበው ቁጠባ ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ሽያጩ ቢፈርስ ግን ገዢው ከፍዬአለሁ ብሎ በወረቀት የሚያሳየው የተጻፈችውን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይሆናል።

በከተማ ዳርቻ «ከገበሬ የተገዛ፣ በሽማግሌ የተፈረመ» መሬት ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ ባለመሆኑ፣ በከተማ የሚተላለፈው ቤቱና በሊዝ (ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት በሚሰጥ የመጠቀም መብት) የተያዘው ይዞታ ነው፤ ካርታ የሌለው «የጨረቃ ቤት» ግን በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ እንደታየው ለፈረሳ የተጋለጠ ነው። ሽማግሌዎቹ እውነተኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሰጡት ምስክርነት ግን ካርታ አይወልድም።

እረፍት ወጥቶ አገር የሚገባ የሱወይዲ ሰው ለወዳጁ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ውለታ በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ሳሎኑን አዙሮ ማሳየት አይደለም፤ ቤቱንና ሰነዱን ተጠግቶ ማጣራት ነው። ብዙ ሰው «መስከረም ሲጠባ ቤት ማየት ይሻላል» ይላል፤ መንገዱ ስለደረቀ ትክክል ይመስላል፣ ሆኖም የጣሪያው ፍሳሽና የቦዩ ሞልቶ መፍሰስ በግልጽ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ ከዝናቡ ማግስት የሚመጣ ተመልካች አዲስ ቀለም የተቀባውን ጥግ፣ ከወለሉ በላይ ከፍ ብሎ የቀረውን የእርጥበት መስመርና ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቢጫ ክብ ተጠግቶ ማየት አለበት። ከዚያ በኋላ የካርታውን ቁጥር ይዞ ቤቱ በሚገኝበት ክፍለ ከተማ በባለቤቱ ወይም በሕጋዊ ወኪሉ በኩል ፋይሉን ያጣራል፤ ቤቱ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነጻ መሆኑን፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነም ከተላለፈ በኋላ እንዳይሸጥ የሚከለከልበት 5 ዓመት መሙላቱን ይጠይቃል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የሁለቱንም ፊርማ ይጠይቃል፤ በቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፣ ያልፈረመው ተጋቢም ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።