ስለ ገዛ ጤና የሚጻፍ መዝገብ

ዛሬ የደም ግፊትን፥ ክብደትንና የእንቅልፍን ሰዓት በየቤቱ መለካት ቀላል ሆኖአል። ብዙ ሰውም «ቡና ብተው ግፊቴ ወረደልኝ» ብሎ ለዘመዱ ይነግራል፤ ዘመዱም ሳይመረምር ይከተለዋል፤ አንዳንዱማ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እስከ መተው ይደርሳል። የደም ግፊት ሳያሳምም ደም ሥርን የሚጎዳ በሽታ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር እጅግ ያሳስበናል።

በገዛ ሰውነታቸው ከመረመሩት አንዱ በፓዱዋ ያስተማረው ኢጣልያዊው ሐኪም ሳንቶርዮ ነው። ወንበሩን ከትልቅ ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ፥ የበላውንና የጠጣውን ከሰውነቱም የወጣውን ለብዙ ዓመታት መዘነ። ከገባው ከግማሽ የሚበልጠው በዓይን ሳይታይ ተንኖ እንደሚጠፋ ተረድቶ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1614 ዓ.ም. መጽሐፉን አሳተመ። ትጋቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ያሳተመው አጫጭር የፍርድ ቃል እንጂ የየቀኑ ሚዛን መዝገብ ስላልነበረ፥ ከእርሱ በኋላ የመጣ መርማሪ ቁጥርን ከቁጥር ጋራ ሊያስተያይ አልቻለም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በአንድ ሰው ላይ ስለሚደረግ ፈተና አጻጻፍ ደንብ ወጣ። የተለወጠው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ስንት ጊዜ ተተውቶ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ፥ ተራው በምን እንደ ተመረጠ፥ የደረሰም ጉዳት ቢኖር እንዲጻፍ ያዝዛል።

ይህ ለቤትም ይሆናል። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ቡናን የተወ ሰው በዚያው ቀን ሥጋና ቅቤንም ትቶአልና፥ ግፊቱ ቢወርድ ምክንያቱ ቡናው ነው ለማለት አይችልም። ስለዚህ አብሮ የተለወጠውን ሁሉ ይጻፍ። ከመለካቱ አስቀድሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ቡናና ትምባሆ ሳይቀምስ፥ 5 ደቂቃ ጀርባውን ተደግፎ በጸጥታ ተቀምጦ፥ ክንዱን በልብ ትክክል አሳርፎ፥ ጧትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካ፤ ያላማረውንም ቁጥር ሳይሰርዝ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስፍር። ደስ ያሰኘውን ብቻ መርጦ የሚጽፍ ሰው የሚያታልለው ራሱን ነው።

መዝገቡን ወደ ሐኪም ሲወስድም መሣሪያውን አብሮ ይውሰድ፤ ከሐኪሙ መሣሪያ ጋራ ተስተያይቶ ልዩነቱ በመዝገቡ ራስጌ ይጻፋል።